ልጄን ሳይሆን ክፍሉን ላስተካከለችው የሙዚቃና የቲያትር መምህርት

ይህን የምጽፈው ኦቲዝም ወይም ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብና ረግቶ የመቀመጥ ችግር) ያላቸው ልጆች ላሏችሁ ወላጆች ነው። በተለይ ልጃችሁ ሙዚቃና ቲያትር እየወደደ የሚቀበለው ቦታ ላጣችሁ። አንዲት መምህርት ልጠቁማችሁ ነው። እግረ መንገዴንም በአደባባይ ላመሰግናት እፈልጋለሁ፤ ውለታዋ ከብዶኛል።

ልጄ ኦቲዝም አለው። ዕድሜው ስምንት ነው። አንዴ የሰማውን ዜማ አይረሳም። ድንገተኛ ድምፅ ሲመጣ ግን ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። ጭብጨባ ከሰማማ ከአዳራሹ ሮጦ ይወጣል። ከዚህ በፊት የሞከርነው አንድ የሙዚቃ ክፍል «ትንሽ ሲረጋጋ መልሳችሁ አምጡት» ብሎ ሸኘን። «አሞላቃችሁት» የሚሉንም አልጠፉም። ነገሩ የመሞላቀቅ አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃንና ለንክኪ ከተለመደው በጣም የበዛ ወይም በጣም ያነሰ ስሜት ማሳየትን ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ አድርጎ አስፍሮታል። ልጁ በእርግጥ ያመዋል ማለት ነው።

እሷ ገና ስንደውልላት የሐኪም ወረቀት አልጠየቀችንም። «ምን ደስ ይለዋል? ምን ይረብሸዋል? ሲጨንቀው በምን ታውቃላችሁ?» ነበር ያለችው። ከዚያ ፎቶዎች ላከችልን። የመግቢያው በር፣ ክፍሉ፣ ምንጣፉ፣ ከበሮው፣ መጨረሻ ላይ የራሷ ፊት። በቅደም ተከተል፣ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጨምራ። ልጄ ማታ ማታ እያገላበጠ ሲያያቸው ሰነበተ። አዲስ ነገርን በአጭር ታሪክ አስቀድሞ የማስረዳት ዘዴ ካሮል ግሬይ የምትባል አሜሪካዊት መምህርት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀችው ነው። ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ግን ጥቂት ነው።

የከበሮውን ነገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ከክፍሉ ጥግ አስቀምጣ ጨርቅ አለበሰችው። ማንም አልነካውም። በኋላ ጨርቁን ገልጣ ልጄ መዳፉን ቆዳው ላይ እንዲያሳርፍ ጋበዘችው። እሷ በሌላው ጫፍ በአንድ ጣቷ ብቻ መታ መታ አደረገች። ንዝረቱ በእጁ ገባና ፈገግ አለ። ዱላውን የሰጠችው ከዚያ በኋላ ነው። ራሱ የሚያወጣው ድምፅ መቼ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ አያስደነግጠውም። አሁን ሌሎቹ ሲመቱም ተራውን ይጠብቃል። ሲበዛበት ጆሮ መከለያውን ያጠልቃል፣ ሲበቃው ያወልቃል። «ለምን አጠለቅህ» የሚለው የለም።

በቅርቡ ደግሞ ልጆቹ ለወላጅ ትርኢት አሳዩ። መብራቱ ደብዘዝ አለ እንጂ አልጠፋም። ድምፁ ተቀነሰ። በሩ ክፍት ነበር፣ መውጣትም መመለስም ይቻላል። ጎን ያለው ትንሽ ክፍል ማረፍ ለፈለገ ልጅ ተዘጋጀ። ከማጨብጨብ ይልቅ፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች እንደሚያደርጉት እጃችንን ወደ ላይ አንስተን አወዛወዝን። አንዱ ልጅ መሃል ላይ ተነስቶ ተሽከረከረ፣ ማንም ዞር ብሎ አላፈጠጠበትም። በሌላው ዓለም ይህ ዓይነቱ ትርኢት የተለመደ እየሆነ ነው። በኒውዮርኩ ብሮድዌይ እንኳ ኦቲዝም ላላቸው ልጆች የተመቻቸ ትርኢት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የሚጠይቀው ወጪም ያን ያህል አይደለም። ከሁሉም የሚበልጠው አስቀድሞ ማሰቡ ነው።

ይህን እንደ ችሮታ የሚያይ ካለ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ሕፃናት በኪነ ጥበብና በባህል ሕይወት የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ይናገራል። «ፀጥ ብለው መቀመጥ የሚችሉት ብቻ» አይልም።

ጥቅሙ ከክፍሉ ውጭም ደርሶናል። ፀጉር መቆረጥ ለእኛ ቤት ትልቅ ጭንቅ ነበር። ምክሯን ግማሽ ገጽ ላይ ጻፈችልን፣ ለፀጉር አስተካካያችን ወስደን አነበብንለት። ማሽኑ ሳይበራ ልጁ እንዲይዘው፣ ከዚያ ራቅ ብሎ እንዲበራ፣ በመቀስ እንዲጀመር፣ «አሁን ከጆሮህ ጀርባ ነው» እየተባለ እንዲነገረው። ሰውየውም በትዕግሥት አደረገው፣ እሱንም አመሰግናለሁ። ልጄ አሁንም ፀጉር መቆረጥ አይወድም፤ ግን ተቀምጦ ይጨርሳል።

እውነቱን ለመናገር ክፍሏ ትንሽ ስለሆነ ወረፋ አለ። ልጆቹን ከጥቂት በላይ አትቀበልም፣ ልክም ናት። ወላጅ ውስጥ ልቀመጥ ካለ ደስ ይላታል። «ኦቲዝሙን አጠፋለታለሁ» ብላ ቃል አትገባም። እኔ ያመንኳት በዚህ ነው።

መምህርት፣ ይህን ካነበብሽ ክበሪልን። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

ስሟንና ስልኳን እዚህ አላወጣሁም፣ ሳልጠይቃት ማውጣት አልፈለግሁም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትደውሉላት ልጃችሁ የሚወዳቸውን ነገሮች አዘጋጅታችሁ ጠብቁ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።