ካሴት ለመገልበጥ የገዛሁት ኤስ-ቪኤችኤስ ዴክ፦ ከወራት ሥራ በኋላ

የድሮ ቪኤችኤስ ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ምስሉን ወደ ኮምፒውተር ስለሚያስገባው ካፕቸር ካርድ ነው። ወራት ከሠራሁበት በኋላ የምመክረው ግን ገንዘባችሁን ዴኩ ማለትም ካሴት ማጫወቻው ላይ እንድታውሉ ነው። ቴፑን የሚያነበው እሱ ነው፤ እሱ አዛብቶ ያነበበውን ካርዱ አያቀናውም።

የኔው ያገለገለ ኤስ-ቪኤችኤስ (የተሻሻለ የቪኤችኤስ ዓይነት) ዴክ ሲሆን ቲቢሲ የሚባለው የጊዜ ማስተካከያ በውስጡ አለው። ጥቅሙን ለመረዳት የቴፑን ታሪክ ትንሽ ማወቅ ይረዳል። ድምፅ በሰከንድ 20,000 ንዝረት ይበቃዋል፣ ምስል ግን ሚሊዮኖች ይፈልጋል። ቴፑን በዚያ ልክ ማስሮጥ ስለማያዋጣ አምፔክስ እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው መቅረጫ ቴፑ ላይ የሚጽፉትና የሚያነቡት ሄዶች ራሳቸው እንዲሽከረከሩ አደረገ። ጄቪሲ በ1976 ያወጣው ቪኤችኤስም በዚሁ ሐሳብ ይሠራል። በፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት ቴፑ በሰከንድ 2.3 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል፤ ሄዶቹን የተሸከመው 62 ሚሊሜትር ከበሮ ግን በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ሄዱ ቴፑ ላይ የሚያልፍበት ፍጥነት በሰከንድ ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ፍጥነት ቴፑ ትንሽ ከላላ ወይም ከተሳበ የምስሉ መስመሮች እኩል ቦታ ላይ አይጀምሩም።

አንድ የሠርግ ካሴት ላይ ከሙሽራዋ ጀርባ ያለው የበር መቃን ቲቢሲው ሲጠፋ እንደ ውሃ ይወላወላል፣ ሲበራ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቲቢሲው እያንዳንዱን መስመር ይዞ በሰዓቱ ስለሚለቀው ነው። ይህን አንዴ ካያችሁ በኋላ ያለ እሱ መገልበጥ አያስችላችሁም።

ሌላው ያስደሰተኝ ብርሃንንና ቀለምን በተለያየ ሽቦ የሚያወጣው ኤስ-ቪዲዮ መውጫው ነው። ጥቅሙ ለኤስ-ቪኤችኤስ ካሴት ብቻ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም። ተራው ቪኤችኤስም ብርሃንንና ቀለምን ቴፑ ላይ ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው። በተለመደው ቢጫ የቪዲዮ ገመድ ሲወጡ ይደባለቃሉ፣ ካርዱ ደግሞ እንደገና ሊለያቸው ይታገላል። በኤስ-ቪዲዮ ካወጣሁ ወዲህ የጽሑፍ ጠርዝ ላይ ይርመሰመሱ የነበሩት ነጠብጣቦች ጠፍተዋል።

ቅር የሚለኝ ቲቢሲውና ምስል ማጽጃው በአንድ ቁልፍ መታሰራቸው ነው። ማጽጃው ፊት ያለሰልሳል፤ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው መልኩ ይጠፋል። የዴኩን የምስል ምርጫ ኤዲት ላይ ሳደርገው ማጽጃው ረገብ ይላል። ክፉኛ የተጎዳ ካሴት ሲገባ ደግሞ ቲቢሲው ራሱ ይደናገርና ምስሉን ያዘልለዋል፤ እንዲህ ያለውን ካሴት ቲቢሲውን አጥፍቼ ነው የምገለብጠው። በሚሽከረከሩት ሄዶች የሚነበበው ሃይፋይ ድምፅ ሲንጫጫም ወደ ኖርማል ድምፅ እቀይራለሁ፣ ምክንያቱም ኖርማሉ በቴፑ ጠርዝ ላይ ለብቻው የተቀዳ ነው።

ከምስሉ ሥር የምትታየው የተቀዳደደች ጠባብ መስመር ግን ብልሽት አይደለችም። አንዱ ሄድ ለሌላው ሲያስረክብ የምትፈጠር ናት፤ የድሮ ቴሌቪዥን የምስሉን ጠርዝ ስለሚደብቅ አናያትም ነበር።

ከሁሉም የሚከብደው እንክብካቤው ነው። የመጨረሻው አምራች ፉናይ በ2016 ስላቆመ መለዋወጫ የሚገኘው በአብዛኛው ከሞተ ዴክ ነው። ስለዚህ በመስኮቱ ነጭ ሻጋታ የሚታይበትን ካሴት በፍጹም አላስገባም። ሄድ የማጸዳው በጥጥ አይደለም። ክር የማይለቅ ጨርቅ በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል አርሼ ሳልጫን ከበሮው ላይ አስጠጋለሁ፣ ከዚያ ከበሮውን በእጄ አዞራለሁ። ወደ ላይና ወደ ታች መጥረግ ሄዱን ይሰብራል።

ልትገዙ ካሰባችሁ ቢበላሽ የማይቆጫችሁን ካሴት ይዛችሁ ሂዱ። አጫውቱት፣ ወደፊትም ወደኋላም አጠንጥኑት፣ ከዚያ አውጥታችሁ የቴፑን ጠርዝ እዩ። ከተጨማደደ ያ ዴክ ካሴት ይበላል፤ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።