«ከ1898 በፊት የተሠራ ነው» እየተባለ የሚሸጥ የጀርመን ባለሁለት አፈሙዝ፦ ሥሩን ሳታዩ እንዳትከፍሉ

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ የአደን ጠመንጃ ለምትሰበስቡ ወገኖች የተጻፈ ነው። በፌዴራሉ ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ «ጥንታዊ» ይባላል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ይህን የሚያውቁ ሻጮች በ1920ዎቹ የተሠራውን የጀርመን ባለሁለት አፈሙዝ «የ1880ዎቹ ነው፣ ወረቀት አይፈልግም» እያሉ በቅርስ ዋጋ ያቀርባሉ። ገዢው ገንዘቡን ያጣል፤ ከዚያም የከፋው፣ ሳያውቅ ከሕግ ጋር ይጋጫል።

ላዩ ላይ የተቀረጸው አጋዘንና የወይን ሐረግ፣ ያረጀው የሰደፍ እንጨት፣ ከውጭ የሚታዩት መዶሻዎች ዓመት አይናገሩም። ዓመት የሚናገረው የአፈሙዙ ሥር ነው። መጀመሪያ ጥይት እንደሌለበት በዓይናችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን የፊት እንጨት አውልቁ፣ ጠመንጃውን ክፈቱ፣ አፈሙዙን ከአካሉ ለይታችሁ ገልብጡ። ጥይት በሚጎርስበት ጫፍ በኩል ያለው ጠፍጣፋ ብረት በትንንሽ ማኅተሞች የተሞላ ነው።

የጀርመን የመሣሪያ ፍተሻ ሕግ በ1891 ወጥቶ ሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ (ኤፕሪል) 1 ቀን 1893 ነው። ዘውድና ከዘውዱ ሥር የላቲን ፊደል የምታዩት ከዚያ ወዲህ ነው፦ «ዩ» ለምርመራ፣ «ኤስ» ለልሙጥ አፈሙዝ፣ «ደብልዩ» ጫፉ ለጠበበ፣ «ጂ» ውስጡ ጠምዛዛ ቦይ ለተቀረጸበት። ስለዚህ እነዚህን ማኅተሞች ይዞ «የ1870 ነው» የሚባል ጠመንጃ በራሱ ብረት ይጋለጣል። ሕጉ ሲጸና መጋዘን ውስጥ የነበሩት ዘውድና «ቪ» ተመቶባቸዋል። ይህን ካገኛችሁ በእርግጥ ከ1893 በፊት የተሠራ ነውና ከፍ ያለ ዋጋ ቢጠየቅበት አይገርምም።

ዘውድና «ኤን»፣ ወይም «ኒትሮ» የሚል ቃል፣ በጢስ አልባ ባሩድ መፈተኑን ያሳያል፤ ይህ ማኅተም የመጣው ከ1911 ወዲህ ነው። አሮጌ ጠመንጃ ተጠግኖ እንደገና ሊፈተን ይችላል፣ ያኔ ግን ዘውድና «አር» ሊኖር ይገባል። «በኋላ ነው የተመታው» የሚል ሻጭ እሱን ያሳያችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሮቹ ላይ ነው። በጀርመን ከተማ በዙል በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የተፈተኑ ብዙ ጠመንጃዎች ወርና ዓመት ተመቶባቸዋል፤ «4.27» ወይም ተጣብቆ «427» ማለት ኤፕሪል 1927 ነው። ሻጩ ይህን «ተከታታይ ቁጥር» ይለዋል። «65» ሲያይ ደግሞ «1865» ብሎ ያነበዋል፤ 65 ግን የጥይት መጉረሻው ርዝመት በሚሊሜትር ነው።

የከተማ ስምም ይረዳል። የጀርመን ከተሞች ጼላ ሳንክት ብላዚና ሜሊስ በ1919 ተዋሕደው ጼላ-ሜሊስ ሆኑ፤ ይህ የተዋሐደ ስም ያለበት ጠመንጃ በምንም ዓይነት የ19ኛው ክፍለ ዘመን አይደለም። «ክሩፕ» የሚለው ጽሑፍና ሦስቱ ቀለበቶች የአፈሙዙን ብረት አቅራቢ እንጂ የጠመንጃውን ሠሪ አይገልጹም፤ «የክሩፕ ጠመንጃ» ብሎ ዋጋ መጨመር ማታለል ነው። በሞላላ ክበብ ውስጥ «ኢ ኤል ጂ» ካለ ደግሞ ጠመንጃው የተፈተነው በቤልጂየም ሊየዥ ነውና «ጀርመን ነው» የሚለው ወሬ እዚያው ያበቃል።

ዓመቱ ትክክል ቢሆንም ክፍሎቹ የአንድ ጠመንጃ መሆናቸውን አረጋግጡ። በአፈሙዙ፣ በአካሉ ብረትና በፊት እንጨቱ ብረት ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር አንድ መሆን አለበት። የቁጥሩ ዙሪያ ከሌላው ብረት ጎድጎድ ካለ ወይም አሃዞቹ በሞረድ ተበልተው የደበዘዙ ከሆነ ተሞርዶ እንደገና ተመቷል ማለት ነው። የደማስቆ ብረት (የተለያዩ ብረቶች ተጠማዝዘው ተቀጥቅጠው የሚሠራው) የሚመስለው ዥጉርጉር መልክም በተራ ብረት ላይ በአሲድ ይሠራል። እውነተኛው በፊት እንጨቱ ሥርም ሳይቋረጥ ይቀጥላል፣ የሐሰቱ ብዙ ጊዜ ከሚታየው ቦታ አያልፍም።

አፈሙዙን በመንጠቆው አንጠልጥላችሁ በጣት ጥፍር ነካ ስታደርጉት እንደ ደወል ካላቃጨለ፣ ሁለቱን አፈሙዝ ያያያዘው ብየዳ ለቅቆ ሊሆን ይችላል። የውስጡን ስፋትም በመለኪያ እዩ። ማኅተሙ «13/1» ካለ ወደ 18.2 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ ከሩብ ሚሊሜትር በላይ ከሰፋ ዝገቱን ለማጥፋት ተቦርቡሮ ሳስቷል።

በ65 መጉረሻ የ70 ሚሊሜትር ጥይት ያለ ችግር ይገባል፤ ያልተተኮሰ ጥይት አፉ ስለታጠፈ አጭር ነውና። ሲተኮስ ግን ቀለሃው ተዘርግቶ የአፈሙዙ መጥበቢያ ውስጥ ይገባል፣ ግፊቱ ያድጋል፣ የሳሳው ብረት ፊትና እጅ አጠገብ ሊፈነዳ ይችላል። «ልጆቼ ይተኩሱበታል» ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ፣ መጀመሪያ ለጠመንጃ ባለሙያ አስለኩ።

ሻጩ ሩቅ ከሆነ ሦስት ፎቶ ጠይቁ፦ የተገለበጠው አፈሙዝ ከቅርብ፣ የአካሉ ጠፍጣፋ፣ የፊት እንጨቱ የውስጥ ብረት። «መፍታት አልችልም» ካለ፣ እንጨቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለ መፍቻ በእጅ የሚወልቅ ነውና ቀብድ አትላኩ።