ሦስት ጌጅ በሣር ማጨጃ ትራክተሬ ላይ፦ ከ9 ወር በኋላ

ሣር የማጭድባት ትንሿ ትራክተር ባለ 3 ሲሊንደር የናፍጣ ኩቦታ ነች፤ ያገለገለች ነው የገዛኋት። ዳሽቦርዷ ላይ የነበረው ሁለት ቀይ መብራት ብቻ ነው፤ አንዱ የዘይት፣ አንዱ የሙቀት። ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ግቢዎች በኮንትራት ስለምሠራ እሷ ቆመች ማለት እንጀራዬ ቆመ ማለት ነው። መጋቢት ላይ የዘይት ግፊት፣ የውሃ ሙቀትና የቮልት ጌጅ (ባለ ቀስት መለኪያ) ገጠምኩላት። ከዚያ ወዲህ ከ200 ሰዓት በላይ ሠርታለች፤ ሣሩ አላሳርፍ የሚለውን ክረምትም አልፋበታለች።

ቀይ መብራቱን ማመን ያቆምኩት እንዴት እንደሚሠራ ከገባኝ በኋላ ነው። የዘይት መብራት በአብዛኛው የሚበራው ግፊቱ ግማሽ ባር አካባቢ ሲወርድ ነው። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት እየሠራ ግፊቱ እዚያ ከደረሰ ጉዳቱ ተጀምሯል። ጌጅ ግን ከዚያ በፊት ያለውን መንገድ ሁሉ ያሳያል። የእኔዋ ሞቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጣት በዝግታ እየዞረች) ስትቆም 1.5 ባር ታሳያለች። ነሐሴ ላይ 1.1 ስታሳየኝ ዘይቱንና ፊልተሩን ቀየርኩ፤ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። መብራቱ ይህን በፍጹም አይነግረኝም ነበር።

ገጠማው ግን አድክሞኛል። ጌጆቹን የገዛሁት ሶማሌ ተራ ነው፤ ባለሱቁ «ለሁሉም ሞተር ይሆናል» ብሎ ነው የሸጠልኝ። አይሆንም። የጃፓን ሞተር ላይ ያለው ቀዳዳ ጥርሱ በኢንች 28 ነው፤ ካርቶኑ ውስጥ የመጣው የዘይት ሴንሰር ደግሞ የአሜሪካ ስታንዳርድ ሆኖ በኢንች 27 ነው። ሁለቱም «1/8» ነው የሚባሉት። ሁለት ዙር ያህል ሰተት ብሎ ይገባና ጥብቅ ይላል፤ ከዚያ በላይ ካስገደዳችሁት ጥርሱን ይበላዋል። የኔ ጥርሱ ሳይበላ ቀረ እንጂ ዘይት ማንጠባጠቡ አልቀረም። ቶርኖ ቤት ወስጄ በአንድ በኩል 28፣ በሌላው 27 የሆነ የነሐስ ማገናኛ አስወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጠብታ የለም። ሌላው፣ ሴንሰሩ ኔጋቲቩን የሚያገኘው በገዛ አካሉ ከሞተሩ ብረት ነው። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን (የቧንቧ ማሸጊያ ቴፕ) ከጠቀለላችሁበት ንባቡ ሊዛባ ይችላል። የውሃውን ሴንሰር የላይኛው የራዲያተር ጎማ መሐል ስላስገባሁት ዙሪያው ላስቲክ ነው፤ ከባትሪው ኔጋቲቭ የራሱን ሽቦ መሳብ ነበረብኝ።

ከሦስቱ ያተረፈኝ የውሃው ነው። ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዲያልፍ የሚከፍተው ቴርሞስታት 71 ዲግሪ ላይ መከፈት ይጀምራል፤ በሥራ ላይ ቀስቷ ከ82 እስከ 85 ትቆማለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩን ከዚያ በላይ የሚያስችለው የክዳኑ ግፊት ብቻ ነው፤ ክዳኑ ከደከመ እዚህ ከተማ ውስጥ ቶሎ እንፋሎት ይሆናል። ስለዚህ 95 ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም አሰመርኩ። ኅዳር ላይ ሣሩ ደርቆ ብናኙ ሲበዛ፣ ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ቀስቷ ወደ መስመሩ መጣች። አጥፍቼ ኮፈኑን ስከፍት የራዲያተሩ ወንፊት በገለባ ተሸፍኖ እንደ ምንጣፍ ሆኗል። በብሩሽ አራገፍኩት፤ ሥራ ከጀመርኩ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወደ 84 ተመለሰች።

ልትጠነቀቁ የሚገባው ግን ቀስቷ ስትወጣ ብቻ አይደለም። ሰኔ ላይ 83 ላይ የነበረችው ቀስት ድንገት ወደ 60 ወረደች። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደነገጥኩ፤ በሥራ መሐል ሞተር በአንዴ 20 ዲግሪ አይቀዘቅዝም። ጎማው ላይ የገጠምኩት ፋሼታ (ማጥበቂያ ቀለበት) ላልቶ ውሃው ፈስሶ ነበር፤ ሴንሰሩ ውሃ ሳይሆን አየር ነበር የሚለካው። መብራቱ አልበራም። እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ሞላሁት፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተረፈ። ፋሼታውን አሁን ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሜ አጠብቃለሁ፤ እናንተም በመጀመሪያው ሳምንት አድርጉት።

የቮልቱ ጌጅ ሥራው አጭር ነው፦ ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ደህና ነው፤ 12 ቤት ውስጥ ከቀረ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ እዩ። ክረምት ላይ ግን መስታወቱ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ለሳምንታት አላነብ አለኝ። ገንዘባችሁ ለአንድ ብቻ ከበቃ የውሃውን ግዙ፤ ቀጥሎ የዘይቱን። የቮልቱን ዙሪያው በላስቲክ በታሸገ ልቀይረው አስቤአለሁ፤ ሁለቱን አልነካቸውም።