አሮጌውን ላፕቶፕ እናድሰው ወይስ ሌላ እንግዛ? ለሰሜን ሸዋ ሰው የተዘጋጀ ንጽጽር

ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ማለትም ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ፣ ላፕቶፕ መቀየር ቀልድ አይደለም። ስለዚህ "ማሽኔ ተንቀራፈፈብኝ፣ ሽጬው ሌላ ልግዛ?" ለሚለኝ ሰው መልሴ ያው ነው፦ መጀመሪያ ምኑን እንዳመመው እንይ።

ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንዱ ፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አንጎል) የኢንቴል አራተኛ ጀነሬሽን፣ ማለትም አራተኛ ትውልድ፣ ኮር አይ ፋይቭ ነው፤ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ሌላው ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው፤ ራሙ 8 ጊጋ፣ ዲስኩ ግን ያው ሃርድ ዲስክ። ሱቅ ውስጥ ሁለቱም "ኮር አይ ፋይቭ" ይባላሉ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ከአይ ፋይቭ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 4300 ካለ አራተኛ፣ 8250 ካለ ስምንተኛ፣ 10210 ካለ አሥረኛ ጀነሬሽን ነው።

አሁን ሁለቱንም አስነሷቸው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ማሽኑ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ይመጣል። ምንም ሳትከፍቱ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተገትሮ ከቀረ ፕሮሰሰሩን አትውቀሱት። ጥፋተኛው ሃርድ ዲስኩ ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በደህናው ቀን በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባው አዲሱ ማከማቻ፣ ተራው ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ፣ እስከ 550 ይደርሳል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚለቃቅማቸው ጥቃቅን ፋይሎች ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም በብዙ እጥፍ ይሰፋል።

በኛ አገር ለኤስኤስዲ የማደላበት ሌላም ምክንያት አለ። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ከሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ብዙዎቹ አምራቾች እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ገደማ ነው የሚፈቅዱት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚያው ድንበሩ አጠገብ። የመንዝ ደጋ ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው። ጓሳ አካባቢ የሚሠራ ሰው ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ፋይል ማከማቸቱ አይመከርም። ኤስኤስዲ የሚሽከረከርም የሚንሳፈፍም ነገር የለውም፤ ከፍታው አያስጨንቀውም።

ስለዚህ ለሁለቱም ማሽኖች የመጀመሪያው ወጪ ኤስኤስዲ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል።

አራተኛው ጀነሬሽን ላይ ኤስኤስዲ አስገቡና እዚያው አቁሙ። ራም ልጨምር ካላችሁ የሚቀበለው ዲዲአር3 ነው፣ ያውም አነስተኛ ቮልቴጅ የሚወስደውን ዓይነት። ራሙ ላይ ያለው ተለጣፊ ፒሲ3ኤል (PC3L) ማለት አለበት፤ "ኤል" ከሌለው ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። ቀጥሎ ባትሪ፣ ቀጥሎ ኪቦርድ፣ ቀጥሎ ስክሪን እያላችሁ ከሄዳችሁ የከርሞ ጥጃ ነው የሚሆንባችሁ። የኔ መለኪያ ቀላል ነው፦ የማደሻው ወጪ ያገለገለ ግን ሻል ያለ ማሽን ከሚሸጥበት ዋጋ ሲሶውን ካለፈ ተዉት።

የዊንዶውስም ነገር አለ። የዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በመሠረቱ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው የሚቀበለው። ሱቆች አራተኛው ላይም አታልለው ይጭኑታል፣ ይሠራልም። ማይክሮሶፍት ግን ለማሻሻያው ዋስ አይሆንም። በዊንዶውስ ፋንታ በነጻ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ጥሩ አማራጭ ነው፤ ለኢንተርኔትና ለተራ ጽሕፈት አሮጌውን ማሽን ነፍስ ይዘራበታል። ጽሕፈት ቤት ከፍታችሁ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የዓመታት ፋይል ካላችሁ፣ ወይም ሒሳብ በፒችትሪ የምትሠሩ ከሆነ ግን ሊኑክስን እርሱት፤ ሁለቱም የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው።

ስምንተኛው ጀነሬሽን በሁሉም በኩል ይሻላል። ኤስኤስዲ ሲገባለት ሌላ ማሽን ይመስላል። ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ስትጫኑ ከሁለት የራም ማስገቢያ አንዱ ብቻ መያዙን ካሳያችሁ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ጨምሩ። ብቻ ከ2018 መግቢያ ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ተሰቅሏል፤ ዳታ ማዕከሎች እየተሻሙት ነው። ያላችሁ ራም ከበቃችሁ አትቸኩሉ። ይህን ማሽን መሸጥ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግፍ ነው።

መቀየር ያለበትስ? ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደና 4 ጊጋ ብቻ የሆነ። ውኃ ገብቶበት ቦርዱ የተነካካ። ማጠፊያው፣ ባትሪውና ስክሪኑ አንድ ላይ የሄዱበት። እንደ አውቶካድና ኢታብስ ባሉ የንድፍ ፕሮግራሞች ለሚሠራ የምህንድስና ተማሪ፣ ቪዲዮ ለሚያቀናብርም ሰው አሮጌ ማሽን ማደስ ድካም ብቻ ነው፤ በቀጥታ የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው ፈልጉ።

ያገለገለ ስትገዙ ባትሪውን በቃል አትመኑ። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ powercfg /batteryreport (ፓወርሲኤፍጂ ባትሪሪፖርት) የሚለውን ትእዛዝ ስጡት። ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን መጠን ጎን ለጎን ያወጣላችኋል። ግማሹን እንኳ ካልያዘ ዋጋ አስቀንሱ፤ መብራት ሄድ መለስ በሚልበት ቦታ ባትሪ ጌጥ አይደለም።

ሙቀቱንም ፈትሹ። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ጸጥ ያለ ማሽን ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ፋኑ ሊጮህ ይችላል። ቆላ የምትወስዱት ከሆነ ሱቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ አጫውቱበትና ከሥሩ ዳብሱት። ከጋለ ፋኑ ተጠርጎ የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ቅባት እንዲቀየርለት በዋጋው ውስጥ ተደራደሩ። አዲስ አበባ ሄዳችሁ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ዋስትናውን ከ130 ኪሎ ሜትሩ የደብረ ብርሃን መንገድ ጋር አስሉት። እዚሁ ሰፈር ጥቂት ጨምራችሁ ብትገዙ፣ ሲበላሽ ይዛችሁ የምትሄዱት በእግራችሁ ነው።