በረጅም ጉዞ ላይ የአካባቢ ምግብ ፍለጋ፦ የጎግል ማፕ አገልግሎት ሲመዘን

በመኪና ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው ስለ ምግብ ማሰብ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከራበው በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ምርጫው ፊት ለፊቱ በሚታየው ማደያና ከማደያው አጠገብ በተሠራው ምግብ ቤት የተወሰነ ይሆናል፤ እዚያ የሚቀርብለት ሳህንም ከመቶዎች ኪሎ ሜትሮች በፊት ካለፈው ማደያ ሳህን የሚለይበት ነገር እምብዛም የለውም። ጎግል ማፕ ለመንገደኛ የሚያቀርበው በጉዞ መስመር ላይ የመፈለጊያ አገልግሎት ይህን ችግር በእጅጉ የሚያቃልል መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ብዙው ተጠቃሚ አገልግሎቱ ከሚያሳየው ሁለት ቁጥር ያነሰ ጥቅም ያለውን ነው የሚያምነው፤ የቦታውን ኮከብ ያያል፣ ወደዚያ ጎራ ማለት የሚጨምረውን ደቂቃ ግን ያልፈዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መድረሻው ተመርጦ ጉዞው ከተጀመረ በኋላ የፍለጋ ምልክቱ ሲነካና ምግብ ቤት ሲመረጥ፣ በመንገዱ መስመር ግራና ቀኝ ምልክቶች ይበተናሉ። አንዱ ሲነካ የቦታው ስም፣ አማካይ ኮከቡና ወደዚያ ጎራ ማለት በጠቅላላው ጉዞ ላይ የሚጨምረው ጊዜ ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር የሚሰላው ቦታው ከመስመሩ በሚርቅበት ርቀት ሳይሆን በሚያስኬደው መንገድ ስለሆነ፣ በዓይን ግምት የማይደረስበትን ነገር ይናገራል። ከአውራ ጎዳናው አጠገብ የሚመስል ምግብ ቤት መውጫው ካለፈ ወደ ኋላ መመለስን ስለሚጠይቅ ሃያ ደቂቃ ሊበላ ይችላል፤ በአንጻሩ ራቅ ብላ የምትታይ ትንሽ ከተማ የድሮው መንገድ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ተጉዞ ወደፊት ስለሚገናኝ አምስት ደቂቃ ብቻ ልትጨምር ትችላለች። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት፦ ጉዞው ረጅም ሲሆን ፍለጋው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳየው አሁን ላሉበት ቦታ የሚቀርበውን ነው። ስለዚህ ከሦስት ሰዓት በኋላ ምሳ የሚበላ ሰው ካርታውን በጣቱ ገፋ አድርጎ በምሳ ሰዓት ወደሚደርስበት አካባቢ ማምጣትና ፍለጋውን እዚያው ላይ መድገም ይኖርበታል።

ለምግብ ሲባል ከመንገድ ወጣ ማለት በስልክ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ጎማ አምራቾቹ ወንድማማቾች አንድሬና ኤድዋር ሚሸሊን የመጀመሪያውን የመንገደኞች መምሪያ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1900 ሲሆን፣ መኪና ያለው ሰው ብዙ በነዳ ቁጥር ጎማው ቶሎ እንደሚያልቅ ሳያሰሉ አልቀሩም። ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት የተጀመረው በ1926 ነው፤ በ1931 ሁለትና ሦስት ኮከብ ተጨመሩ፤ በ1936 ደግሞ የየደረጃው ትርጉም ታትሞ ወጣ። አንድ ኮከብ በዓይነቱ በጣም ጥሩ የሆነ ምግብ ቤትን፣ ሁለት ኮከብ መንገድ ቢያስቀይር የማያስቆጭን፣ ሦስት ኮከብ ደግሞ ለእሱ ብቻ ተብሎ ጉዞ ቢደረግ የሚገባውን ያመለክታል። እንግዲህ ያኔ ኮከቡ የመንገድ መለኪያም ነበር፤ ስንት ኪሎ ሜትር ከመስመርህ ብትወጣ ያዋጣሃል ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። በስልካችን ላይ ያለው ኮከብ ይህን ጥያቄ ትቶታል፤ የደንበኞች እርካታ አማካይ ብቻ ነው። የጥንቱን ጥያቄ የሚመልሰው አሁን የደቂቃው ቁጥር ስለሆነ፣ እኔ ሁልጊዜ ከእሱ እንዲጀመር እመክራለሁ። ለመንገዱ ሊጨመር የሚችለው ጊዜ ገና ከመነሻው ቢወሰን፣ ለምሳሌ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም ቢባል፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በእኩል ዓይን ሊታይ ይችላል።

ይህን ማድረግ የሚያስፈልገው ጥሩው ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ከጎዳናው ዳር ስለማይገኝ ነው። በፈጣን መንገዶች ዳር ያሉ ማረፊያዎች በጨረታ ወይም በኮንትራት የሚያዙ፣ ኪራያቸው የከበደ፣ ረጅም ሰዓት ክፍት ሆነው ብዙ ሰው በፍጥነት ማስተናገድ ያለባቸው ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ሸክም በቀላሉ የሚችለው ብዙ ቅርንጫፍ ያለውና ምግቡን ከአንድ ማዕከል የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። የአካባቢው ባለሙያ የቀረው አዲሱ መንገድ በጎን ባለፈው የድሮ ከተማ፣ ገበያው አጠገብ ነው። ከዚህ የሚለይ ምሳሌ አለ፤ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1993 በ103 ጣቢያዎች ያስጀመረችውና ዛሬ ከ1,200 በላይ የደረሰው «ሚቺ ኖ ኤኪ» የተባለው የመንገድ ዳር ማረፊያ፣ ሌት ተቀን ክፍት ከሆነ መኪና ማቆሚያና መጸዳጃ ጋር የአካባቢውን ገበሬዎች ምርትና ምግብ አብሮ እንዲያቀርብ ታስቦ የተሠራ ነው። በብዙው ዓለም ግን መንገደኛው ጎዳናውንና የአካባቢውን ምግብ ማገናኘት የሚችለው በራሱ ጥረት ነው።

«የጭነት መኪና የበዛበት ቦታ ብላ» የሚለው ምክርም በግማሽ እውነት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚመገቡባቸውን ቤቶች በቀይና ሰማያዊ ክብ ምልክት የሚለይ ማኅበር መኖሩ ምክሩ መሠረት እንዳለው ያሳያል። ነገር ግን ከባድ መኪና የሚቆመው ለመቆሚያ ሰፊ ቦታ ባለበት ነው፤ ሹፌሩ ለምግቡ ይሁን ለሜዳው እንደቆመ ከሩቅ አይታወቅም።

ወደ ኮከቡ እንመለስ። ለመንገድ ዳር ምግብ ቤት አምስት ኮከብ የሚሰጥ መንገደኛ ምግቡ የአካባቢው ስለመሆኑ አልተጠየቀም፤ ቶሎ መስተናገዱን፣ መጸዳጃው ንጹሕ መሆኑን፣ ልጆቹ የሚያውቁትን ነገር ማግኘታቸውን አስቦ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ናቸው፤ የአካባቢ ምግብ ለሚፈልግ ሰው ግን መልስ አይደሉም። እንዲያውም አንድ ወጥ ብቻ የሚሠራ፣ ያም ሲያልቅ በሩን የሚዘጋ ቤት ዘግይተው በደረሱ ሰዎች ምሬት ነጥቡ ሊወርድ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ምሬት እኔ እንደ ምስጋና ነው የማነበው። በጥቂት ሰዎች የተሰጠ ሙሉ አምስት ኮከብም በመቶዎች ሰዎች ከተሰጠ አራት ነጥብ ሁለት ይልቅ አያስተማምንም። ሐሰተኛ አስተያየትም ትንሽ ችግር አይደለም፤ ጎግል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 መመሪያውን የሚጥሱ ከ170 ሚሊዮን በላይ አስተያየቶችን ማገዱን ወይም ማንሳቱን አስታውቋል።

የሚጠቅመው ከኮከቡ ሥር ያለው ነው። አስተያየቶቹን በአዲስነት ቅደም ተከተል ማድረግና በውስጣቸው ቃል መፈለግ ይቻላል፤ የአካባቢው መታወቂያ የሆነው ምግብ ስም ሲጻፍ ስሙን የሚያነሱት ብቻ ይቀራሉ። የተተረጎመው አስተያየት መጀመሪያ የተጻፈበትን ቋንቋ ማየትም ይቻላል፤ ሁሉም በእንግዳ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ቤቱ የሚኖረው በመንገደኛ ነው። ፎቶዎቹ ደግሞ ከጽሑፉ ይልቅ ሐቀኞች ናቸው፤ ባለቤቱ ያስቀመጣቸውን ትቶ ደንበኞች ያነሷቸውን፣ በተለይም በቅርቡ የተነሡትን ማየት ይገባል። ሳህኑ ከሳህን የማይገጥም፣ በሦስት የተለያዩ ሰዎች ፎቶ ላይ ያው አንድ ምግብ የሚታይበት፣ የምግብ ዝርዝሩ በእጅ ተጽፎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈበት ቤት ከሆነ፣ እኔ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። ባለብዙ ገጽና በየምግቡ ሥዕል የተሞላ ዝርዝር ግን ብዙውን ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር መብዛቱን ይጠቁማል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው በየሰዓቱ ያለውን የሰው ብዛት የሚያሳየው የአምድ ሥዕል ነው። በሥራ ቀናት እኩለ ቀን ላይ አምዱ ከፍ ብሎ ወዲያው የሚወርድ ከሆነ በአቅራቢያው የሚሠሩ ሰዎች ምሳ የሚበሉበት ቤት ነው ማለት ይቻላል፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ከፍ የሚል ከሆነ ግን ጎብኚ የሚያዘወትረው ነው። ሥዕሉ መቼ ብንደርስ ወረፋ እንደማይጠብቀንም ይነግረናል። የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓቱን ግን ሙሉ በሙሉ ማመን አይገባም፤ በበዓል ሰሞን የሚለወጠውን ባለቤቱ ካላስተካከለው የድሮው ሰዓት እንዳለ ይቆያልና፣ ብዙ ደቂቃ ከመንገድ ለሚያስወጣ ቤት አስቀድሞ ስልክ መደወል ይሻላል።

ጉድለቶቹም አሉ። በፍለጋው ውጤት ውስጥ ተከፍሎባቸው የሚታዩ ቦታዎች አሉ፤ ማስታወቂያ መሆናቸው ተጽፎባቸዋል፣ ነገር ግን የሚነዳ ሰው እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ አያነብም። ከዚህ የሚከፋው ግን ነዋሪው በስልክ ብዙ በማይጠቀምበት ገጠር ካርታው ባዶ መስሎ መታየቱ ነው። ምግብ የለም ማለት አይደለም፤ የመዘገበው ሰው የለም እንጂ። እዚያ ማደያ ላይ የሚሠራውን ሰው «አንተ ራስህ ምሳ የት ትበላለህ?» ብሎ መጠየቅ ከየትኛውም መተግበሪያ ይበልጣል፤ «ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ግን ለእንግዳ የሚመረጠውን ቤት ነው የሚያስጠቁመው። ኔትወርክ በሌለበት ደግሞ አስቀድሞ የወረደ ካርታ መንገዱን ይመራል፣ ፎቶዎቹንና አስተያየቶቹን ግን እንደ ልብ ማየት አይቻልም፤ ስለዚህ ምርጫው ከመነሣት በፊት ተሠርቶ ቦታዎቹ ቢቀመጡ፣ በጉዞ ላይ የሚደረገውንም ፍለጋ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው ቢይዘው ይሻላል።

በጠቅላላው አገልግሎቱን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ በነጻ የሚገኝ ሆኖ ይህን ያህል የሚያግዝ ሌላ የመንገደኛ መሣሪያ አላውቅም። ልጠይቅ የምወደው አንድ ማሻሻያ ቢኖር፣ ከአካባቢው ነዋሪዎች የተሰጠውን አስተያየት ከአላፊ አግዳሚው ለይቶ ለብቻው የሚያሳይ ማጣሪያ ነው።