ሁለት ኪሎ ሜትር ምን አላት ብዬ ሶል አልባ ቀረሁ

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይሸወድ ነው። ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ ፈስሶ በረጋ ድንጋይ (ላቫ) ላይ የሚደረግ የእግር ጉዞ ኦንላይን ገዝቼ ነበር። ማስታወቂያው «ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ፣ ለማንም የሚሆን፣ አስጎብኚና ጫማ በእኛ» ይላል። ከሥሩ «ጨረቃ ላይ እንደመራመድ ነው» ተብሎ ተጽፏል። እኔም ሁለት ኪሎ ሜትር ምን አላት ብዬ ሙሉውን ከፈልኩ። የጫማ ማስያዣ የሚባል ነገርም ጨመርኩ።

የጨረቃዋ ነገር እንኳን ያን ያህል ውሸት አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ የተባለው የጨረቃ ጉዞ ጠፈርተኞች አሜሪካ፣ አይዳሆ ግዛት ውስጥ ወዳለው የክሬተርስ ኦቭ ዘ ሙን የላቫ ሜዳ ሄደው ስለ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ተምረዋል። ውሸቱ «ለማንም የሚሆን» የምትለዋ ላይ ነው።

ላቫ ሲረጋ አንድ ዓይነት መልክ የለውም። አንዱ ፓሆይሆይ ይባላል፤ ለስለስ ያለ፣ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ የተኛ ነው። ሌላው አአ ነው። ሁለቱም ስሞች ከሃዋይ ቋንቋ የመጡ ናቸው። አአ ላይ ደህና መርገጫ ፈልጋችሁ አታገኙም። ጡጫ የሚያህል፣ ጭንቅላት የሚያህል፣ እሾሃማ ድንጋይ ዝርግፍ ብሎ ነው ያለው። ስትረግጡት ይንከባለላል። ላቫ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ላዩ መስታወት መሰል ስለሚሆን እንደ ባልጩት ስለት አለው። እኔ አንዴ ብቻ ተደናቅፌ እጄን አሳረፍኩ፤ መዳፌ ሞረድ የበላው መሰለ። ጓንት የሰጠን የለም።

እኛ የከፈልንበት መንገድ አብዛኛው አአ ነበር። ደልዳላ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት የምትፈጅ ርቀት ሦስት ሰዓት ወሰደችብን። ጥላ የለም፤ ጥቁሩ ድንጋይ ደግሞ የጠጣውን ፀሐይ መልሶ ከታች ይተፋዋል። አስጎብኚው ከፊት ከፊት ይሮጣል። ፓሆይሆዩ ጋ ስንደርስ እንኳ አልጠበቀንም፤ የዚያ ቅርፊት አንዳንድ ቦታ ከሥሩ ባዶ ስለሆነ ሊደረመስ ይችላል። ታዲያ አስጎብኚ የሚከፈለው ለምንድን ነው?

ወደ ጫማው ልምጣ። ሲሰጡኝ አዲስ ይመስል ነበር፤ ቆዳው ያበራል። አርባ ደቂቃ ያህል እንደሄድን የቀኝ ተረከዜ ማጨብጨብ ጀመረ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከሶሉ በላይ ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር በጣቴ ይፈረፈራል። ትንሽ ቆይቶ ሶሉ ሙሉ በሙሉ ተገንጥሎ ድንጋዩ መሃል ቀረ። አስጎብኚው ከቦርሳው ገመድ አውጥቶ አሰረልኝና «አይዞዎት፣ ያጋጥማል» አለኝ። ገመድ ይዞ መምጣቱ ራሱ ነገሩ የመጀመሪያ እንዳልሆነ ይናገራል።

በኋላ ሳጣራ ጥፋቱ የማስቲሽ ብቻ አይደለም። የብዙ ተራራ ጫማ መካከለኛ ሶል ፖሊዩረቴን ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራል። ይህ ነገር ሳይለበስም ያረጃል፤ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ጫማ ከላይ አብረቅርቆ ከውስጥ ያለቀለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የሶሉን ጎን በአውራ ጣት ተጫኑት። ከተሰነጠቀ ወይም ዱቄት ከወጣው መልሱት። ጫማውን እጠፍ ዘርጋ አድርጉት። ምላሱ ሥር ያለው ምልክት ላይ የተመረተበት ቀን ካለ አንብቡ። ከሁሉም የሚሻለው የራሳችሁን፣ የለመዳችሁትን፣ ወፍራም ሶል ያለውን መልበስ ነው።

ሻጩንም ስለ ርቀቱ ብቻ አትጠይቁት። መንገዱ የተደለደለ ነው ወይስ ልቅ ድንጋይ? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ጓንት አለ? «ቀላል ነው» እያለ ከደጋገመላችሁ ሌላ ፈልጉ።

ገንዘቤን መልሱልኝ ስል ለሚቀጥለው ጉዞ ቅናሽ ሰጡኝ። የሚቀጥለው! ማስያዣውንም አስቀሩት፤ ውሉ መጨረሻ ላይ በደቂቅ ፊደል «ጫማው ከተበላሸ ተከራዩ ይከፍላል» የሚል አለ። እኔ አላነበብኩትም። ስትረከቡ የጫማውን ሶል ከነጎኑ ፎቶ አንሱ፣ እዚያው እያላችሁ ላኩላቸው። እኔ ያለኝ ፎቶ በገመድ የታሰረው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» አሉበት።