ቤት የተሠራ ኦቨርድራይቭ ፔዳል፦ ደሴ ላይ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ኦቨርድራይቭ ፔዳል የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ አጉልቶ የሚያሻክር፣ በእግር የሚረገጥ ሳጥን ነው። የዚህኛው ድምፅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላሳፈረም። ያስቸገረው ሳጥኑ፣ ቀለሙና ማብሪያው ነው።

ሰርኪዩቱ አይባኔዝ የተባለው ኩባንያ ቲኤስ808 ፔዳል ነው፤ የተበየደው ቬሮቦርድ (የመዳብ መስመሮች ያሉት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) ላይ ነው። ሲግናሉን የሚያጎላው አይሲ (ቺፕ) 4558፣ የሲግናሉን ጫፍ ቆርጠው ድምፁን የሚያሻክሩት ደግሞ አቅጣጫቸው የተገለባበጠ ሁለት 1ኤን4148 ዳዮዶች ናቸው። ከዳዮዶቹ ጎን 51 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከ500 ኪሎ ኦም የድራይቭ ፖት (የማጉላቱን መጠን ከሚለውጠው መዞሪያ) ጋር ተቀጣጥሎ ይገባል። ወደ ግራውንድ (የሰርኪዩቱ ዜሮ ቮልት) የሚወርደው መስመር 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው። በዚህ ስሌት ድራይቩ ሲዘጋ ሲግናሉ 12 እጥፍ፣ ሙሉ ሲከፈት 118 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ከ720 ኸርዝ በታች ያለው ግን ያን ያህል አይጎላም፤ ወፍራም ክሮች የማይጨማለቁትም ለዚህ ነው። ኪቦርድ ባሱን በያዘበት ባንድ ውስጥ ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው። ብቻዎን የሚጫወቱ ከሆነና ድምፁ ከቀጠነብዎ ካፓሲተሩን በ0.1 ማይክሮፋራድ ይቀይሩት፤ ወሰኑ ወደ 340 ኸርዝ ይወርዳል።

ከቅኝቶቻችን ጋር ሲሞከር ልዩነቱ ይሰማል። ትዝታ (ዋናው) ውስጥ ግማሽ ቶን ስለሌለ ሁለት ክር አንድ ላይ ቢመታም ንጹሕ ነው። አንቺሆዬና አምባሰል ላይ ግን ተጎራባች ድምፆችን አብሮ መምታት አይሆንም። መካከለኛው ዶና ከሱ በግማሽ ቶን ከፍ ያለው ድምፅ አብረው ሲመቱ በሰከንድ 16 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ፤ ዳዮዶቹ ያንን መርገብገብ ወደ ሻካራ ጩኸት ይለውጡታል። መፍትሔው አንድ በአንድ መግረፍ፣ ድራይቩን ከሩብ አለማሳለፍና ጉልበቱን ከቮልዩም መውሰድ ነው። እንደ ክራር ለሚገርፍ እጅ ከዚህ የተሻለ የድራይቭ ማስተካከያ የለም።

ሳጥኑ 112 በ60 በ31 ሚሊሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ሳጥን ነው። ለማብሪያው 12፣ ለጃኮቹ (ለገመድ መሰኪያዎቹ) 10፣ ለፖቶቹ 7 ሚሊሜትር ይበሳል፤ በ3 ሚሊሜትር ሳይጀምሩ በቀጥታ ትልቁን ካስገቡ መሰርሰሪያው ይንሸራተታል። ቀለሙ የላጠው በሁለተኛው ወር ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አሉሚኒየም ለስላሳ ከሆነ ቀለም አይይዝም። ሁለተኛው ዙር በ220 ብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ በአልኮል ተጠርጎ፣ ለአሉሚኒየም የሚሆን ፕራይመር ተቀብቶ ሦስት ስስ ንብር እስፕሬይ ተረጨበት። እስካሁን ይዟል። ደሴ በክረምት፣ ጭጋጉ ጦሳን ሲሸፍን፣ ቬርኒሽ አትርጩ፤ እርጥበቱ ነጭ ደመና ያስመስለዋል። ወይ በጋን መጠበቅ፣ ወይ ሳጥኑን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ነው።

ሌላው የቀለም ጣጣ የጃኩ ግራውንድ ነው። ሳጥኑ ውስጡ ጭምር ከተቀባ ጃኩ ብረቱን አይነካም፣ ሳጥኑ ከውጭ የሚመጣ ጩኸትን ከመከለል ይልቅ አንቴና ይሆናል፣ እጅ ሲነካው ይጮኻል። በጃኩ ዙሪያ ያለውን ቀለም በቢላ ፍቃችሁ ብረቱን አውጡት።

የመግቢያው ጃክ ስቴሪዮ ነው፤ የባትሪው ኔጌቲቭ በመሃለኛው እግሩ ስለሚያልፍ ገመድ ሲሰካ ፔዳሉ ይበራል። ገመዱን ሳይነቅሉ ማደር ማለት ባትሪውን መጨረስ ነው። አዳፕተር ከሆነ መሃሉ ኔጌቲቭ፣ 9 ቮልት ይሁን። ርካሽ አዳፕተር ግን ጩኸት ያመጣል፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ደግሞ አልካላይን ባትሪ ይሻላል።

ባለ ዘጠኝ እግሩ ማብሪያ በአራተኛው ወር አንዴ እየሠራ አንዴ እየጠፋ ሄደ። ሲበየድ በእያንዳንዱ እግር ላይ ከሦስት ሰከንድ በላይ ሙቀት ከቆየ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ መገናኛውም ይዛባል። አዲሱ የተበየደው እየዘለሉ፣ አንዱ እስኪበርድ ሌላውን እየያዙ ነው። ሲረገጥ "ጧ" የሚለው ድምፅ በመግቢያውና በመውጫው 1 ሜጋ ኦም ወደ ግራውንድ ሲጨመር ጠፋ።

አዲስ ለሚሠራ፦ አይሲውን ሶኬት ላይ አድርጉት፣ ሳጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊትም ለኩት። ፒን 8 ላይ 9፣ ፒን 4 ላይ ዜሮ፣ በቀሩት ላይ 4.5 ቮልት ገደማ መሆን አለበት። አንዱ ከዚህ ከራቀ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በሁለት የቬሮቦርድ መስመሮች መካከል የፈሰሰ ሶልደር ነው፤ በቢላ ጫፍ መስመሮቹን መለየት ይበቃል።

አሁን የቀረው የድራይቭ ፖቱ ሲዞር መንጫጫቱ ነው። ማጽጃ ተነፍቶበት ለሁለት ሳምንት ዝም ብሎ ነበር፣ ተመልሶ መጣ፤ መቀየሩ አይቀርም።